ባሕሩን ወደ ፊቴ አዙርልኝ

ስለ ባሕር አስተያየት የሌለው ኢትዮጵያዊ እስካሁን አላጋጠመኝም። ባሕር አይቶ የማያውቀውም ስለ ወደብ አቋም አለው። ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር አንድ ካርታ አለ፤ ካርታው ላይ ቀይ ቀስት አለ፤ ቀስቱ ስር ደግሞ በሕይወታቸው ተገናኝተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች እናት ለእናት ይሰዳደባሉ። አንድ ቀን ሥራ በዛብኝ እያልኩ አንድ መቶ አርባ ኮሜንት አንብቤያለሁ። በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሀል ስለ ባሕር አንድ ቃል ስትናገር ሰምቻት የማላውቅ ሰው ደግሞ አለች። ባሕር ዳር ስምንት ዓመት የኖረችው እናቴ።

አሰብ ነው የተወለድኩት፤ ጥር 1989። አባቴ ወደቡ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር። ጦርነቱ በግንቦት 1990 ሲጀመር ወላጆቼ በጥቂት ቀን ውስጥ ጭነት መኪና ላይ ተጭነው ወጡ፤ እኔ ገና አንድ ዓመት ከአራት ወሬ ነበር። ያደግኩት ኮምቦልቻ ነው። አሰብ ለኔ መታወቂያ ላይ የሚጻፍ፣ የሚያየው ሁሉ ቅንድቡን ከፍ የሚያደርግበት ቃል ነው። "ኦ፣ የባሕር ልጅ!" ይሉኛል። ዋና እንኳ የቻልኩት ለንደን መጥቼ፣ ክሎሪን የሚሸት የቀበሌ ገንዳ ውስጥ ነው።

አባቴ የአራተኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ እያለሁ ሞተ። እናቴ ዘንድሮ ልትጠይቀኝ መጣች። ሙዚየም ወሰድኳት፣ ቤተ መንግሥቱን ከውጭ አሳየኋት፣ አንድ ትልቅ ገበያ ውስጥ የአንድ ኪሎ ቡና ዋጋ አይታ ስታማትብ ቆየች። አንድ ማታ "ባሕር ልውሰድሽ እንዴ?" አልኳት። ሳህን እያጠበች ነበር። "ቅርብ ነው?" አለች። አንድ ሰዓት በባቡር ነው አልኳት። "ይሁን" አለች፣ ሳህኑን ሳታስቀምጥ። አለቀ፤ በዚሁ ተስማማን።

የሄድነው ጳጉሜን 5፣ ረቡዕ ዕለት ነው። የአዲስ ዓመት ዋዜማ መሆኑን ረስቼው አይደለም፤ ለሥራ ፈቃድ የተፈቀደልኝ ሁለት ቀን እሱና ማግስቱ ስለነበር ነው። እናቴ ያላት ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነበር፤ ማታ ለዶሮው ሽንኩርት ለመክተፍ መድረስ። ላፕቶፔን ቤት ትቼ ወጣሁ። ሶፍትዌር ለሚሠራ ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፤ አንድ ባልደረባዬ ሠርጉ ላይ ጠረጴዛ ስር ላፕቶፕ ከፍቶ ሲሠራ በዓይኔ አይቻለሁ።

ብራይተን ከለንደን በስተደቡብ ነው፣ መስመሩ ባሕሩ ጋ ያልቃል። ከጠዋቱ ሦስት ተኩል በኋላ ትኬቱ ይረክሳል፤ ስለዚህ ጠብቀን ተሳፈርን። ከጣቢያው ወጥቶ መንገድ መጠየቅ አያስፈልግም። አንድ ቀጥ ያለ ቁልቁለት አለ፣ መጨረሻው ላይ በሕንፃዎቹ መሀል አንድ ግራጫ መስመር ይታያል። መጀመሪያ ሰማይ ነው ብለህ ታልፈዋለህ። እናቴ ቆመች። "አየኸው?" አለችኝ፤ አስጎብኚው እኔ፣ የምታሳየው እሷ። ከዚያ ነጠላዋን አጥብቃ ከኔ ቀድማ መውረድ ጀመረች። ጉልበቴን አመመኝ ስትል የከረመች ሴት ናት እኮ!

እዚህ አገር ያሉ ሀበሾች ብራይተን ሄጄ ነበር ስትላቸው "አሸዋ የለውም" ይሉሃል፣ እውነት ነው። የባሕር ዳርቻው ሁሉ ጠጠር ነው፤ የእንቁላል ያህል፣ ቡናማ፣ ለስላሳ። ስትራመድበት እግርህ ይሰምጣል፤ ማዕበሉ ሲመለስ ጠጠሩን እየጎተተ የሚያሰማው ድምፅ ሰፌድ ላይ የሚንገዋለል ገብስ ነው የሚመስለው። ንግግሩ የእናቴ ነው። እኔ ብሆን "የተበላሸ ስፒከር" ነበር የምለው።

ጫማዋን አወለቀች። ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባችና ጣቷን ነክራ ቀመሰች። "ጨው የለውም" አለች። እኔ ወዲያው መሐንዲስነቴ ተነሳብኝ። የዚህ ባሕር አንድ ሊትር ውስጥ 35 ግራም ገደማ ጨው አለ፤ ቀይ ባሕር ግን የሚገባበት ወንዝ የለም፣ ፀሐዩ ቀኑን ሙሉ ያተነዋል፣ ስለዚህ ወደ ሰሜን ጫፉ 40 ይደርሳል፤ አሰብ ግን ለባብ ኤል መንደብ ቅርብ ስለሆነ ከውቅያኖሱ የሚገባው ውኃ ያቀጥነዋል፣ እና ልዩነቱ ያን ያህል… "እሺ" አለች። "ግን ጨው የለውም።" የሁለት ሦስት ግራም ልዩነት ምላሷ ላይ ሃያ ሰባት ዓመት ቆይቶ ከሆነ እኔ ምን አውቄ እከራከራለሁ?

የገረማት ሌላ ነገር ነው። ጠጠሩ ላይ ነጠላ አንጥፈን ተቀምጠን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ውኃው እግራችን ስር ደረሰ። ወደ ላይ ተነሳን። ትንሽ ቆይቶ እንደገና መጣ። "ይሄ ባሕር ይከተለናል እንዴ?" አለች። እውነቷን ነው። ቀይ ባሕር ሞልቶ ሲጎድል ልዩነቱ ከአንድ ሜትር በታች ነው፤ እዚህ ግን ጨረቃዋ ሙሉ በሆነችበት ሰሞን ስድስት ሜትር ገደማ ይደርሳል። የሁለት ፎቅ ከፍታ ያለው ውኃ በቀን ሁለቴ ይመጣል፣ ሁለቴ ይሄዳል። የአሰብ ባሕር፣ እንዳለችው፣ "ባለበት የሚቀመጥ ጨዋ ባሕር" ነበር። ሦስት ጊዜ ቦታ ቀየርን። በሦስተኛው "አሁን በቃው" አለች፤ ስምንት ሰዓት አካባቢ ነበር፣ እንዳለችውም ከዚያ በላይ አልመጣም።

ከተቀመጥንበት በስተቀኝ አንድ የብረት አጽም ውኃው ውስጥ ቆሟል። ዌስት ፒየር ይባላል። ፒየር ማለት ሰው እየተንሸራሸረ ባሕሩ መሀል ድረስ እንዲገባ የተሠራ፣ ወደ ሌላ ዳርቻ የማይደርስ ድልድይ ነው። ይሄኛው እ.ኤ.አ. በ1866 ተከፈተ፣ በላዩ ቲያትር ቤትና የሙዚቃ አዳራሽ ነበረው፣ በ1975 ተዘጋ፣ በ2002 መጨረሻ ማዕበል ደረመሰው፣ በ2003 ደግሞ ሁለቴ ተቃጠለ። የቀረው ዝገት ነው። ወደ ግራ ስትዞር በ1899 የተከፈተው ሌላኛው፣ ፓላስ ፒየር፣ መብራቱና ሙዚቃው እንዳለ ቆሟል፤ ሕፃናት ይጮኹበታል። እናቴ ወደዚያኛው ዞራ አላየችም።

"ለምን አይነቅሉትም?"

"ሰው ይወደዋል። ፎቶ ያነሱታል።"

"ለሽያጭ እንኳ አይሆንም እንዴ ብረቱ?" አለችና ትንሽ ቆይታ፣ "አባትህ ቢያየው አይተኛም ነበር" አለች። ወደቡ ላይ አባቴ ዝገት የሚባል ነገር ጠላቱ ነበር፤ ጨዋማው አየር የክሬኑን ብረት ሲበላው እሱ ሲቀባ፣ እሱ ሲቀባ አየሩ ሲበላ ነው የኖረው። ይሄን እንኳ አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው አባቴ ኮምቦልቻ ውስጥ የሚኒባስ ሞተር የሚያወርድ፣ ዝም የሚል ሰው ነው።

ስለ ንጉሣዊው ፓቪሊዮን ብዙ አልልም። የህንድ ጉልላት ያለው፣ ህንድን ረግጦ የማያውቅ የእንግሊዝ ልዑል ያሠራው ቤተ መንግሥት ነው። እናቴ በአጥሩ በኩል አይታ "መስጊድ ነው?" አለች፤ አይደለም አልኳት፤ አለፍን። አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ የቆሰሉ የህንድ ወታደሮች የታከሙበት ሆስፒታል እንደነበር ስነግራት ግን ተመልሳ አየችው። በትንሿ የኤሌክትሪክ ባቡር ግን የግድ ተሳፈርን፤ እዚያ ላይ አልደራደርም። ማግነስ ቮልክ የሚባል ሰው በ1883 የዘረጋት ናት፤ ዛሬም በዓለም ላይ ከሚሠሩት የኤሌክትሪክ ባቡሮች ሁሉ አንጋፋዋ ነች። ፍጥነቷ የሚሮጥ ሰው አይቀድምም። እኔ ኮድ ጽፌ ሁለት ዓመት ያልቆየ ነገር እያየሁ የምኖር ሰው ስለሆንኩ ጆሮዬን ሞተሩ ላይ ጥዬ ሄድኩ፤ እናቴ አንቀላፋች።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጾሟን ለመፍታት ዓሣ ፈለግን። ረቡዕ ነው፣ አትርሱ። እዚህ ላይ አንድ ምክር ልስጥ፤ እዚህ አገር ዓሣና ድንች ከጾመኛ ሰው ጋር ስትገዙ መጠየቅ ያለበት በምን እንደሚጠበስ ነው፤ በበሬ ጮማ የሚጠብሱ ቤቶች አሉ። ልጁን ጠየቅኩት። የአትክልት ዘይት ነው አለ። "ዱቄቱ ውስጥስ እንቁላል አለው?" አለችኝ። ጠየቅኩት። የለውም፣ ዱቄትና ቢራ ነው አለ። ተረጎምኩ። እናቴ አሰበችበት። "ቢራ ጾም ነው" አለች፣ ተወሰነ።

ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም። እሷ ያለችው "እሱን ካህናቱ ይጨርሱት፤ አሰብ ረቡዕና ዓርብ የሚበላው ዓሣ ነበር" ነው። እና ያኔ፣ ኮምጣጤ የተረጨበት ድንች በእንጨት ሹካ እየበላን፣ አንድ የባሕር ወፍ የኔን ትልቁን ድንች ከእጄ ነጥቆ ከሄደ በኋላ፣ እየሳቀች ማውራት ጀመረች። ማንም አልጠየቃትም።

ሙቀቱን አወራች። ቤት ውስጥ ማንም አይተኛም፤ አልጋ ይወጣል፣ ግቢ ውስጥ ይደረደራል፣ አንሶላ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ተጨምቆ ይለበሳል፣ ሌሊት ደርቆ ሲነሳ ተነስተህ ትነክረዋለህ። ወንዱ ሁሉ ሽርጥ ነው። ማታ የነዳጅ ማጣሪያው መብራት ይታያል፤ እኔ በተወለድኩበት ዓመት ተዘጋ። ነፋሱ ሲነሳ ቡና ላይ አሸዋ ይገባል። ግቢው የጋራ ነው፤ ቀጥሎ ያለችው ጎረቤታችን ኤርትራዊት ናት፤ የውኃ በርሜላቸው አንድ ነበር።

"አንተን ያጠባችህ እሷ ናት" አለች።

ድንቹን አኝኬ አልጨረስኩም ነበር። "ምን ማለት?"

"ስወልድህ ታይፎይድ ያዘኝ። አርባ ቀን ገደማ ተኛሁ። ወተቴ ደረቀ። እሷ የአራት ወር ሴት ልጅ ነበረቻት። ልጇን በአንድ ጡት፣ አንተን በአንድ ጡት።" ሹካዋን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠች። "ግራው ያንተ ነበር። አንተ እንግዲህ ወፍራም ነበርክ፤ ልጇ ቀጭን። ሰው ሲያይ እሷን ይቆጣት ነበር፤ የሰው ልጅ አወፍራ የራሷን አከሳች እያለ።"

እኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። የጡት እናት አለኝ፣ የጡት እህት አለኝ፣ ይሄን የሰማሁት ኮምጣጤ የሚሸት ወረቀት ይዤ ነው። ለምን እስከዛሬ አልነገርሽኝም የሚለው ጥያቄ አፌ ላይ ነበር፣ ግን መልሱን እኔው አውቀዋለሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ፣ በ1991 እና በ1992፣ የሰው ልጅ በየቀኑ ከግንባር ሬሳው ሲነገር፣ "ልጄን ያሳደገችው ኤርትራዊት ናት" ብሎ የሚያወራ ሰው ማን ነው? ከዚያ ዝምታው ልማድ ሆነ። ልማድ ሲሆን ደግሞ ምክንያቱ አይፈለግም።

ሲወጡ የብረት አልጋቸውን፣ ረከቦቱንና የኔን መታጠቢያ ሳፋ እሷ ጋ አስቀመጡ። "ሲረጋጋ እመጣለሁ" አለቻት እናቴ። መስከረም 1 ቀን 2011 የቡሬ መንገድ ሲከፈት የኮምቦልቻ ሰው መንገድ ዳር ወጥቶ ሲያጨበጭብ እሷ ቤት ውስጥ ሆና ቡና እየቆላች ነበር። እሱን ቀን አስታውሰዋለሁ፤ ለምን አትወጪም ብያታለሁ። "ቆይ ይርጋ" ነበር ያለችኝ። መንገዱ ዓመት ሳይሞላው ተመልሶ ተዘጋ። በነጋታው ያንን ቀን ሰባት ዓመት ይሞላዋል።

ስልኬን አወጣሁ። በሳተላይት ካርታ አሰብን ከፈትኩ። የወደቡ ክንድ ይታያል፣ የጨው ማምረቻው አራት ማዕዘኖች ይታያሉ፣ ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ ቆርቆሮ። ለኔ ሁሉም ግልጽ ነው፤ ካርታ ማንበብ ሥራዬ ነው ማለት ይቻላል። እናቴ መነጽሯን አደረገችና ብዙ አየች። "ይሄ አሰብ አይደለም።" ነው አልኳት። "እኔ ከላይ አይቼው አላውቅም" አለች። አጉልቼ አሳየኋት፣ አሳንሼ አሳየኋት፣ አሰብ ሰጊር ይሄ ነው አልኳት። ምንም። ከዚያ፣

"ባሕሩን ወደ ፊቴ አዙርልኝ።"

ሁለት ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ ካርታውን አዞርኩት። ሰሜን ወደ ግራ ዞረ፣ ባሕሩ ወደ ላይ፣ ወደሷ ፊት፣ ልክ ፊት ለፊታችን እንዳለው ባሕር። ለኔ ካርታው ወዲያው ጠፋብኝ። ለሷ ግን ተከፈተ። "እሺ። ይሄ ወደቡ። ከዚህ አባትህ ይመጣል። እዚህ ጋ ዓሣ ይሸጣል። እዚህ ጋ ወደ ግራ…" ጣቷ ቅባት ስለነበረው ስክሪኑ ላይ መንገድ ተሠራ። አንድ ጣሪያ ላይ ቆመ። ጣሪያው ምንም የተለየ ነገር የለውም። ጎኑ ላይ ጥላ የሚመስል ጥቁር ነገር አለ፤ ዛፍ ይሁን የፈረሰ ግድግዳ ከዚያ ከፍታ አይለይም።

"ዛፍ አልነበረም" አለች። "ተክላለች ማለት ነው።"

እንደዚህ ብላ ወሰነች፤ እኔም አልነካሁትም። ፎቶው መቼ እንደተነሳ ልነግራት እችል ነበር። ፔርሙሱን ከፈተች፣ ሻይ ቀዳችልኝ፣ ቆሎ አወጣች፣ ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ምንም ሳንል ውኃው ሲመለስ አየነው። ከዚህ በፊት ከእናቴ ጋር ምንም ሳልሠራ አንድ ሰዓት ተቀምጬ አላውቅም። አጠገባችን አንድ ሽማግሌና ውሻው ተኝተው ነበር። ፀሐይ ትወጣለች፣ ትገባለች።

ወደ ለንደን ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ "ልፈልጋት?" አልኳት። የአሰብ ልጆች ፌስቡክ ላይ እርስ በርስ እንደሚፈላለጉ አውቃለሁ፤ ከዚህም ከዚያም፣ በአማርኛም በትግርኛም። "አማርኛ ከኔ በላይ ነው የምታነበው" አለች። ይሄ እሺ ማለት ነው። እየነገረችኝ ጻፍኩ። የግቢውን ቦታ፣ የባሏን ሥራ፣ የልጅቷን ዕድሜ። "ፖለቲካ እንዳትጨምርበት" አለች። እሺ። "ደህና ነን በል። አባትህ እንዳረፈ ንገራት። አንተ እንግሊዝ አገር ኮምፒውተር ትሠራለህ በል።" የማልሠራውን ኮምፒውተር ጻፍኩ። ኢስት ክሮይደን ልንደርስ ስንል ክንዴን ያዘችኝ።

"አልጋውን መልሺ ማለቴ እንዳይመስላት። ትተኛበት፣ በልልኝ።"

እሱንም ጨመርኩ።

ማታ እሷ ሽንኩርት ስትከትፍ ለቀቅኩት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሠላሳ ምናምን ኮሜንት መጣ። የመጀመሪያው "አሰብ የማን ናት?" የሚል ነው። ሁለተኛው መለሰለት። ሦስተኛው ካርታ ለጠፈ፣ ቀስት ያለው። እስከ እኩለ ሌሊት እየሰረዝኩ ቆየሁ፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማዬ ይሄ ነበር። እናቴ "ምን ይላሉ?" ስትለኝ "እንኳን አደረሳችሁ ይላሉ" አልኳት፤ ሁለቱ በርግጥ እንደዚያ ብለው ነበር።

በሦስተኛው ቀን አንድ መልእክት በውስጥ መስመር ገባ። ፎቶ የሌለው አካውንት ነው፤ የሴት ስም። ሰላምታ እንኳ የለውም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ። አልጋው ምን ቀለም ነበር ይላል።

እናቴን ጠራኋት። መነጽሯን ፍለጋ ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞረች፤ መነጽሩ ራሷ ላይ ነበር። ጥያቄውን ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

"አረንጓዴ" አለች። "አባትህ ከወደቡ በተረፈ ቀለም ነው የቀባው። ጻፍ፣ ምን ትጠብቃለህ?"